«ላቲን» የሚለው ስም የተጓዘባቸው ሁለት መንገዶች

መግቢያ

የአንድን ስም ታሪክ መመርመር በዚያ ስም የተጠሩትን ሰዎች ታሪክ መመርመር ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም። በዓለም ታሪክ መጻሕፍት «የላቲን ሕዝቦች»፣ «የላቲን ባሕል»፣ «ላቲን አሜሪካ» የሚሉትን ቃላት ደጋግመን እናገኛለን፤ ትርጉማቸውም የታወቀ እየመሰለን እናልፋቸዋለን። ነገር ግን ቆም ብለን «ለመሆኑ ላቲን ማን ነው?» ብለን የጠየቅን እንደ ሆነ መልሱን እንዳሰብነው ቀላል ሆኖ አናገኘውም። ፈረንሳዩ፣ ኢጣሊያኑ፣ እስፓኙ፣ ፖርቱጊዙና ሩማንያዊው ቋንቋቸው ከአንድ እናት እንደ ተወለደ ያውቃሉ፤ ሆኖም ከእነዚህ መካከል ማንነቱን ሲጠየቅ ከሁሉ አስቀድሞ «እኔ ላቲን ነኝ» የሚል እምብዛም አይገኝም። ዛሬ በዚህ ስም ዘወትር የሚጠሩት ከሮማ በውቅያኖስ የተለዩ ሰዎች ናቸው፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ የአሜሪካ ነባር ሕዝቦችና የአፍሪካውያን ልጆች ናቸው።

የእኛም ቋንቋ በዚህ ጉዳይ የሚያሳየን ነገር አለ። የአገራችን ሊቃውንት ይህን ቋንቋ ሲጠሩት የኖሩት ሮማይስጥ ብለው ነው። ቃሉ በመስቀሉ ላይ ስለ ተጻፈው ጽሕፈት የዮሐንስ ወንጌል በሚናገርበት ስፍራ ይገኛል፤ የግሪኩ ወንጌል «ሮማይስቲ» ይላል፤ ትርጓሜውም «በሮማውያን አነጋገር» ማለት ነው። ዕብራይስጥ የሚለውም ስም በዚሁ አኳኋን የተገኘ ነው። ስለዚህ በእኛ ዘንድ ቋንቋው የተሰየመው በከተማይቱ በሮማ እንጂ በላቲኖች አገር አይደለም። ሮማዊ መባልና ላቲን መባል ከጥንት ጀምሮ አንድ እንዳልነበረ ይህ ስያሜ ያስታውሰናል።

በዚህ አጭር ጽሑፍ ልናስረዳ የምንሻው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም የላቲን ስም በሁለት መንገድ ወደ እኛ ዘመን መድረሱን ነው። አንደኛው መንገድ የአፍ ነው። ሕዝቡ ከአባት ወደ ልጅ ሲቀባበለው ድምፁ እየተለወጠ በጠረፍ ላይ ከሚኖሩ፣ ከድሆችና ከባዕዳን ጋር ቀረ። ሁለተኛው መንገድ የብዕር ነው። በሊቃውንትና በባለ ሥልጣኖች እጅ ሳይለወጥ ተጠብቆ ኖረና በ19ኛው መቶ ዓመት የፖለቲካ ዓላማ ሆነ። ሁለቱን መንገዶች ለይተን ካላየን በዚህ ስም የተሠራውን ደግም ክፉም ልናውቅ አንችልም። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናመለክታለን።

1. ላቲን የሕግ ስም በነበረ ጊዜ

ስሙ የመጣው ላቲዩም ከተባለው፣ ከቲቤር ወንዝ በስተደቡብ ከሚገኘው አገር ነው። ሮማ ራስዋ በላቲዩም ካሉት ከተሞች አንዲቱ ነበረች። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ340 የላቲን ከተሞች ተባብረው በሮማ ላይ ተነሡ፤ በ338 ድል በሆኑ ጊዜም ማኅበራቸው ፈረሰ። ሮማ ግን ስሙን አላጠፋችውም፤ ለሌላ ሥራ አዋለችው። ከዚያ ወዲህ «ላቲን» ማለት የአንድ ነገድ ስም መሆኑ እየቀረ የአንድ ማዕርግ ስም ሆነ። ላቲን የተባለ ሰው ከሮማዊ ጋር በሕግ መነገድና መዋዋል ይችላል፤ ሙሉ ዜጋ ግን አይደለም። ከባዕድ በላይ፣ ከዜጋ በታች ሆኖ ይኖራል።

ይህ ማዕርግ ላቲዩምን አይተው ለማያውቁ ሕዝቦች ይሰጥ ነበር። ንጉሠ ነገሥት ቬስፓስያኖስ በ1ኛው መቶ ዓመት ለእስፓኝ አገር በሙሉ የላቲንን መብት ሰጠ። በ1981 በሴቪሊያ አውራጃ የተገኙት የኢርኒ ከተማ የነሐስ ሰሌዳዎች የዚህን መብት አሠራር በግልጥ ያሳዩናል። በከተማው ሹመት ያገኘ ሰው የሹመቱ ዘመን ሲፈጸም ከወላጆቹ፣ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር የሮማ ዜጋ ይሆናል። እንግዲህ ላቲንነት የዘር ነገር ሳይሆን ወደ ዜግነት የሚያደርስ መሰላል ነበር።

ከዚህ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን ጁንያን ላቲን የተባሉት ሰዎች ሁኔታ ነው። እነዚህ ሕጉ የሚጠይቀው ሥርዐት ሳይፈጸምላቸው ነጻ የወጡ ባሮች ናቸው። ከሶርያም ይምጡ፣ ከትራቅያም ይምጡ፣ ከአፍሪካም ይምጡ፣ በሕግ ፊት ስማቸው «ላቲን» ነው። በሕይወት ሳሉ እንደ ነጻ ሰው ይኖራሉ፤ በሞቱ ጊዜ ግን ንብረታቸው ልክ እንደ ባሪያ ንብረት ለቀድሞው ጌታቸው ይመለሳል፤ ልጆቻቸው አይወርሱም። ይህን ማዕርግ ፈጽሞ የሻረው ንጉሠ ነገሥት ዩስጢንያኖስ በ531 ነው። ስለዚህ «የላቲን ደም» እያሉ የሚመኩ ሰዎች በኋላ ዘመን ሲነሡ ስናይ፣ ስሙ ከ500 ዓመት በላይ ግማሽ ነጻነት ላላቸው ሰዎች የተሰጠ ስም እንደ ነበረ ልንረሳ አይገባንም።

2. ቋንቋው ስሙን ያጣበት ጊዜ

በ212 ንጉሠ ነገሥት ካራካላ በግዛቱ ለሚኖሩ ነጻ ሰዎች ከጥቂቶች በቀር ለሁሉም የሮማ ዜግነት ሰጠ። ከዚህ በኋላ ሕዝቡ ራሱን ሮማዊ፣ አገሩን ሮማኒያ፣ ንግግሩንም የሮማ ቋንቋ ማለት ለመደ። የምዕራቡ መንግሥት ከወደቀ በኋላም ይህ ልማድ አልቀረም። በዘመናችን ብዙ ሊቃውንት እንደሚያስረዱት፣ በአፍ የሚነገረውና ከመጽሐፍ የሚነበበው ሁለት የተለያዩ ቋንቋዎች ናቸው የሚል አሳብ ለረጅም ጊዜ አልነበረም፤ ጽሕፈቱ የጥንት፣ ንግግሩ የዘመኑ፣ ቋንቋው ግን አንድ ነው ተብሎ ይታሰብ ነበር።

ልዩነቱ ጎልቶ የታየው በሻርለማኝ ዘመን ነው። የትምህርቱ አስተካካይ አልኩዊን ከእንግሊዝ አገር የመጣ ነበርና ላቲንን የተማረው እንደ ባዕድ ቋንቋ ከመጽሐፍ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ፊደል እንደ ተጻፈ እንዲነበብ ያስተምር ነበር። ካህኑ በዚህ አኳኋን ሲያነብ ሕዝቡ መስማት አቃተው። በ813 በቱር ከተማ የተሰበሰቡት ጳጳሳት ስብከቱ ወደ ገጠሩ የሮማ ቋንቋ ወይም ወደ ጀርመን ቋንቋ ተመልሶ እንዲነገር ያዘዙት ስለዚህ ነው። ከ29 ዓመት በኋላ፣ በ842፣ የሻርለማኝ የልጅ ልጆች ሉዊና ሻርል በስትራስቡር በመሐላ ተዋዋሉ። ሉዊ የሻርል ሠራዊት እንዲሰማው በሮማንስ፣ ሻርልም የሉዊ ሠራዊት እንዲሰማው በጀርመንኛ ማለ። ታሪክ ጸሐፊው ኒታርድ የመሐላውን ቃል እንደ ተነገረ ጻፈው፤ በዚያም የፈረንሳይኛ የመጀመሪያ ጽሑፍ ተገኘ። በቤተ ክርስቲያን ግዕዝን፣ በቤቱ አማርኛን ሲሰማ ያደገ አንባቢ ይህን ሁኔታ ለመረዳት አይቸገርም፤ ምንም እንኳ አማርኛ ሮማንስ ለላቲን እንደ ሆነው ቀጥተኛ የግዕዝ ልጅ ነው ባይባል።

ከዚህ ጊዜ ጀምሮ ስሞቹ ተካፈሉ። የቤት ቋንቋ ሮማንስ ተባለ፤ ላቲን የሚለው ስም ለትምህርት ቤትና ለቤተ ክርስቲያን ቀረ። ቃሉ ራሱም ለሁለት ተከፈለ። በእስፓኝና በአልፕስ ተራሮች ሕዝቡ በአፉ ሲቀባበለው በሁለት አናባቢዎች መካከል ያለው «ት» ወደ «ድ» ተለወጠ፤ ሕይወት ማለት የሆነው ቪታ ቪዳ እንደ ተባለ ሁሉ ላቲኑስም ላዲኖ፣ ላዲን ተባለ። ሊቃውንቱ ግን ከመጽሐፍ እንዳገኙት «ላቲኖ» ብለው ጠበቁት። በድሮው ፈረንሳይኛ «ላቲን» ማንኛውም ቋንቋ፣ የወፎች ዝማሬ እንኳ ሳይቀር፣ የሚጠራበት ቃል ሆነ፤ አስተርጓሚም «ላቲንዬ» ይባል ነበር። ዳንቴም በኢጣሊያንኛ ሲጽፍ ኢጣሊያኖችን ላቲኖች ይላል፤ ዳሩ ግን ይህንኑ ቃል ግልጥና ቀላል ለሆነ ነገር ቅጽል አድርጎ ይጠቀምበታል። ስሙ ከአገሩ እየራቀ «የሚገባኝ ንግግር» ወደ ማለት መድረሱን እናስተውል።

በምሥራቅ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነበር። የቁስጥንጥንያ ሰዎች በግሪክኛ እየተናገሩ ራሳቸውን ሮማውያን ይሉ ነበር። በክብረ ነገሥት ከኢትዮጵያ ንጉሥ ጋር ዓለምን የተካፈለው የሮም ንጉሥም ይህ የምሥራቁ ንጉሥ እንደ ሆነ ሊቃውንት ያስረዳሉ። እነርሱ የምዕራቡን ሰው «ላቲን» ወይም «ፍራንክ» እያሉ ይጠሩት ነበር፤ ሁለተኛው ስም በዓረብኛ በኩል አልፎ በእኛ አገር ፈረንጅ ሆኖ ቀርቷል። ንጉሠ ነገሥት ሚካኤል 3ኛ ላቲንን የአረመኔ ቋንቋ ብሎ በነቀፈ ጊዜ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ኒቆላዎስ 1ኛ በ865 መልሶ፣ የሮማን ቋንቋ ሳያውቁ የሮማውያን ንጉሠ ነገሥት መባል እንዴት ይሆናል ሲል ተከራከረ። በ1204 የመስቀል ጦረኞች ቁስጥንጥንያን ዘርፈው እስከ 1261 የቈየ መንግሥት አቆሙ፤ ታሪክም «የላቲን መንግሥት» ይለዋል። የመጀመሪያው ንጉሥ ቦድዌን የፍላንደር መስፍን ሲሆን ከግዛቱ ሕዝብ ብዙው የጀርመን ወገን በሆነ ቋንቋ የሚናገር ነበር። ስለዚህ በምሥራቅ ላቲን መባል ከቋንቋ ይልቅ የቤተ ክርስቲያንና የጠላትነት ስም ሆኖ ነበር።

3. በአፍ የተጓዘው ስም

እንግዲህ በአፍ የተለወጠውን ስም፣ ማለት ላዲኖንና ላዲንን፣ የት እንደምናገኘው እንመልከት። በፓሪስ፣ በቶሌዶና በፍሎሬንስ አካባቢ የሕዝብ መጠሪያ ሆኖ አናገኘውም። የምናገኘው ሌላ ቋንቋ በሚጀምርበት ጠረፍ ላይ ነው። ምክንያቱም ግልጥ ነው፤ ሁሉ አንድ ቋንቋ በሚናገርበት ስፍራ ቋንቋውን በስም መለየት አያስፈልግም።

የመጀመሪያው ምሳሌ የአልፕስ ተራሮች ናቸው። በሰሜን ኢጣሊያ በዶሎሚት ሸለቆዎች ወደ 30,000 የሚጠጉ ሰዎች በጀርመንኛና በኢጣሊያንኛ ተናጋሪዎች መካከል ሆነው ቋንቋቸውን ላዲን ይሉታል። በስዊስ አገር በኤንጋዲን ሸለቆም የሮማንሽ ቋንቋ በዚህ ስም ይጠራል። በ1873 ግራዚያዲዮ አስኮሊ የተባለው ሊቅ እነዚህ ንግግሮች የራሳቸው ወገን መሆናቸውን በጥናት አሳየ። በኋላ ግን እንደ ካርሎ ባቲስቲ ያሉ ኢጣሊያውያን ሊቃውንት የኢጣሊያንኛ ቅርንጫፎች ናቸው ብለው ተከራከሩ። ክርክሩ የሰዋስው ብቻ አልነበረም፤ ቋንቋው የኢጣሊያ ከሆነ አገሩም የኢጣሊያ ነው የሚሉ ነበሩና። የስዊስ ሕዝብ በየካቲት 20 ቀን 1938 በሰጠው ድምፅ ሮማንሽን አራተኛ የአገር ቋንቋ አድርጎ አጸናው። የዶሎሚት ላዲኖች ግን ይህ ዕድል አልገጠማቸውም። በ1939 ሂትለርና ሙሶሊኒ በተስማሙት መሠረት ወይ ጀርመን ሆነው አገራቸውን እንዲለቁ፣ ወይ ኢጣሊያን ሆነው እንዲቀሩ ምርጫ ሲቀርብ፣ ላዲን ሆኖ መቅረት ከምርጫው ውስጥ አልነበረም።

ሁለተኛው ምሳሌ የእስፓኝ አይሁድ ናቸው። በ1492 ከእስፓኝ ሲሰደዱ የአገሪቱን ቋንቋ ይዘው ወደ ቱርክ ግዛት ሄዱ። ላዲኖ የሚለው ስም መጀመሪያ ቅዱሳት መጻሕፍት ከዕብራይስጥ ቃል በቃል ለተመለሱበት አጻጻፍ ነበር፤ በቁስጥንጥንያ በ1547 በዕብራይስጥ ፊደል የታተመው ኦሪት የዚህ አብነት ነው። ኋላም ስሙ ለዕለት ንግግራቸው ሁሉ ተሰጠ። እስፓኝ ያባረረቻቸው ሰዎች ቋንቋዋን በሰሎንቄ ከ450 ዓመት በላይ ጠብቀው ኖሩ። በ1943 ናዚዎች ከዚያች ከተማ ከ45,000 የሚበልጡ አይሁድን ወደ አውሽቪትስ ወሰዱ፤ የላዲኖ ታላቂቱ ከተማም በዚያን ጊዜ ጠፋች። የእስፓኝ መንግሥት ለስደተኞቹ ዘሮች ዜግነት የሚሰጥ ሕግ ያወጣው በ2015 ነው።

ሦስተኛው ምሳሌ ከሁሉ ይልቅ እኛን አፍሪካውያንን የሚነካ ነው። በመካከለኛው ዘመን በእስፓኝ ሮማንስን የሚያውቅ ዓረብ «ላዲኖ ሙር» ይባል ነበር። ሁለት ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ይጠረጠራልና ቃሉ «ተንኰለኛ፣ ብልጣ ብልጥ» ወደ ማለት ዞረ፤ በእስፓኝ ቋንቋ እስከ ዛሬ ይህ ትርጉም አለው። የባሪያ ንግድ በተስፋፋ ጊዜም ቃሉ በአፍሪካውያን ላይ ወረደ። ከአፍሪካ ገና የመጣው «ቦሳል» ተባለ፤ የጌቶቹን ቋንቋ የተማረው ደግሞ «ላዲኖ»።

ይህ አከፋፈል የሰውን ነጻነት የሚወስን ሆኖ የታየው በአሚስታድ መርከብ ነገር ነው። እስፓኝ ከእንግሊዝ ጋር በ1817 በተዋዋለችው ውል ከ1820 ወዲህ አዲስ ባሮችን ከአፍሪካ ማምጣት ክልክል ነበር፤ በኩባ አስቀድመው የነበሩትን መሸጥ ግን አልተከለከለም። በ1839 ከሴራሊዮን ጠረፍ በግፍ የተወሰዱ 53 ሰዎች፣ ከእነርሱም አራቱ ሕፃናት የሆኑ፣ በሃቫና ተሸጡ። ገዢዎቹ ከባለ ሥልጣኖች የይለፍ ወረቀት ሲያወጡላቸው የእስፓኝ ስም ተሰጥቷቸው «ላዲኖዎች» ተብለው ተጻፉ። በዚያች አንዲት ቃል የአንድ ወቅት ምርኮኞች የቈዩ የኩባ ባሮች ተደረጉ። ሰዎቹ ግን በሴንግቤ ፒዬ መሪነት በመርከቡ ላይ ተነሥተው ያዙት፤ በኋላም በአሜሪካ ጠረፍ ተይዘው ለፍርድ ቀረቡ።

በፍርድ ቤቱ የተነሣው ዋና ጥያቄ እነዚህ ሰዎች ላዲኖ ናቸው ወይስ አይደሉም የሚል ነበር። የእስፓኝን ቋንቋ አያውቁም። የዬል መምህር ጆሳያ ጊብስ ከእነርሱ በሜንዴ ቋንቋ እስከ ዐሥር መቍጠርን ተማረና በኒውዮርክ ወደብ ቍጥሩን ጮክ ብሎ እየጠራ ሲዞር ቋንቋውን የሚያውቅ ጄምስ ኮቬይ የተባለ መርከበኛ አገኘ። ሰዎቹ ታሪካቸውን በራሳቸው አፍ መናገር የቻሉት በዚህ ሰው አስተርጓሚነት ነው። የቀድሞው ፕሬዚዳንት ጆን ኵዊንሲ አዳምስ ሲከራከርላቸው፣ በመንግሥት ሰነድ ውስጥ «ላዲኖ» የሚለው ቃል «ጤናማ» ተብሎ መተርጐሙን አንሥቶ አጥብቆ ነቀፈ፤ ትርጉሙ የወረቀቱን ሐሰት የሚሸፍን ነበርና። በመጋቢት 9 ቀን 1841 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ወረቀቱ የተንኰል ነው፣ ሰዎቹም ነጻ ናቸው ብሎ ፈረደ። በሕይወት የቀሩት 35ቱ በ1842 መጀመሪያ ሴራሊዮን ደረሱ። የላቲን ስም ሰውን ባሪያ ለማድረግ በወረቀት የተጻፈበትን፣ ሰውም «ላቲን አይደለሁም» በማለት ነጻ የወጣበትን ይህን ጊዜ የባሕል ታሪክ የሚያጠና ሰው ሊዘልለው አይገባም።

በጓቴማላ ደግሞ ላዲኖ ማለት የማያ ወይም የሌላ ነባር ሕዝብ ወገን ያልሆነ፣ ወይም መሆኑን የተወ ሰው ማለት ሆነ። በ2018 በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ 56 በመቶ የሚሆነው ሕዝብ በዚህ ስም ተመዘገበ።

4. ሩምን እና ሮምን

በሩማንያ የምናገኘው ታሪክ ሁለቱ መንገዶች በአንድ ስፍራ ሲገናኙ ያሳየናል፤ ስሙ ግን የላቲን ሳይሆን የሮማ ነው። ሮማውያን ዳክያን በ106 ይዘው በ270ዎቹ ለቀቋት። ጎረቤቶቹ ሕዝቡን ቭላህ ይሉታል፤ ይህም ጀርመኖች ለሮማውያን ከሰጡት ስም የመጣ ነው። ሕዝቡ ራሱን የሚጠራው ግን ከሮማኑስ በወረሰው ስም ሩምን እያለ ነበር፤ የመጨረሻው አናባቢ እንደ እኛ ሳድስ የሚነበብ ነው። በቫላክያ ይህ ስም ከጊዜ በኋላ «ገባር» ማለት ሆነ። መስፍኑ ቆንስጣንቲን ማቭሮኮርዳት ገባርነትን በ1746 በሻረ ጊዜ የሻረው ሩምን የመባልን ሁኔታ ነው። የዓለም ገዢዎች ስም በልጆቻቸው አገር የገባር ስም ሆኖ መገኘቱ የታሪክ ምጸት ነው።

በዚያው መቶ ዓመት በትራንሲልቫንያ የተነሡ ሊቃውንት፣ ሳሙኤል ሚኩና ጆርጄ ሽንካይ፣ በ1780 በቪየና የሰዋስው መጽሐፍ አሳትመው ቋንቋቸው የሮማ ልጅ መሆኑን አስረዱ። ዓላማቸው የቋንቋ ምርምር ብቻ አልነበረም። በትራንሲልቫንያ ሩማንያውያን ከታወቁት ሕዝቦች አልተቈጠሩም ነበርና የዘር ታሪካቸውን የመብታቸው ማስረጃ አደረጉት። ከዚያ በኋላ በ«ሩ» ፈንታ «ሮ» ተጽፎ ሮምን ተባለ፤ አንዲት አናባቢ ገባሩን ከዜጋው ለየች። በ1860ዎቹ መጀመሪያ የቄርሎስ ፊደል ቀርቶ የላቲን ፊደል በመንግሥት ታወጀ። ከ1871 እስከ 1876 የታተመው የላውሪያንና የማሲም መዝገበ ቃላት ደግሞ ከስላቭ የመጡትን ቃላት ለማስወጣት ሞከረ፤ ሕዝቡ ግን የሚናገርባቸውን ቃላት አልተወም።

የዚህ ክርክር ፍጻሜ ሩቅ አይደለም። በሞልዶቫ ሶቪየቶች ያንኑ ቋንቋ በቄርሎስ ፊደል አስጽፈው ሞልዶቭኛ ሲሉት ቈዩ። የላቲን ፊደል በነሐሴ 31 ቀን 1989 በሕግ ተመለሰ፤ የአገሪቱ ሸንጎ ቋንቋው በሕግ ሁሉ ሩማንኛ እንዲባል የወሰነው በመጋቢት 2023 ነው።

5. በብዕር የተጓዘው ስም

«የላቲን ዘር» የሚለው አሳብ በፖለቲካ መስክ የተነሣው በ19ኛው መቶ ዓመት ነው። ፈረንሳዊው ሚሼል ሸቫሊዬ በ1836 ባሳተመው ስለ ሰሜን አሜሪካ በሚናገር መጽሐፉ አውሮፓን የላቲን፣ የጀርመንና የስላቭ ብሎ ከፍሎ፣ አሜሪካም በሰሜንና በደቡብ እንዲሁ መከፈሏን ጻፈ። ፈረንሳይን የላቲኖች መሪ የሚያደርግ አሳብ ነበር።

ስሙን ለራሳቸው የወሰዱት ግን መጀመሪያ የደቡቡ ሰዎች ናቸው። ዊልያም ዎከር የተባለው የሰሜን አሜሪካ ሰው በ1855 ጭፍራ ይዞ ኒካራጓ ገባ፤ መንግሥቱንም በግንቦት 1856 ዩናይትድ ስቴትስ አወቀችለት። በዚያው ዓመት በሰኔ ወር የቺሌው ፍራንሲስኮ ቢልባኦ በፓሪስ ባደረገው ንግግር፣ በመስከረምም የኮሎምቢያው ሆሴ ማሪያ ቶሬስ ካይሴዶ በጻፈው ግጥም ላቲን አሜሪካ የሚለውን ስም አነሡ። ስሙ የተወለደው ከወራሪ ለመከላከል ነበር ማለት ነው። ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ ናፖሊዮን 3ኛ ይህንኑ የላቲን ወንድማማችነት ምክንያት አድርጎ ሠራዊቱን ወደ ሜክሲኮ ላከ፤ ማክሲሚሊያን የተባለውን የኦስትሪያ መስፍንም አነገሠ። ሜክሲኮዎች ንጉሡን በሰኔ 19 ቀን 1867 በጥይት ገደሉት። ቢልባኦም ወረራውን በብርቱ ተቃወመ። በዐሥር ዓመት ውስጥ አንድ ስም የመከላከያ ጋሻም የወራሪ ሰንደቅም ሆኖ አየነው።

ስሙ ምን ያህል ልቅ እንደ ነበረ በ1865 ፈረንሳይ፣ ቤልጂክ፣ ኢጣሊያና ስዊስ ያቋቋሙት «የላቲን የገንዘብ ማኅበር» ያስረዳል፤ በ1868 የገባችበት ግሪክ ናት። በአሜሪካም አከፋፈሉ ከቋንቋ ጋር አይስማማም። በካናዳ ያሉት የኬቤክ ፈረንሳዮች ላቲን አሜሪካ ተብለው አይቈጠሩም፤ በ1804 ነጻነቷን ያወጀች፣ ሕዝቧ በሙሉ ለማለት ይቻላል የአፍሪካ ዘር የሆነ ሄይቲ ግን ትቈጠራለች። ኬችዋና አይማራ የሚናገረው የአንዴስ ገበሬም ሳይጠየቅ ላቲን ተብሏል።

በዩናይትድ ስቴትስ መንግሥት «ላቲኖ» የሚለውን ቃል ለቈጠራ ሥራ በ1997 ተቀብሎ በ2000 ቈጠራ ተጠቀመበት። በ2020 ቈጠራ በዚህ ስም ወይም «ሂስፓኒክ» ተብለው የተመዘገቡት 62.1 ሚሊዮን ነበሩ። እስከ 2024 ድረስ ይህ ጥያቄ ከዘር ጥያቄ ተለይቶ ይቀርብ ነበርና ሰው ጥቁርም ነጭም ሆኖ ላቲኖ መባል ይችል ነበር፤ በ2024 ሁለቱ በአንድ ጥያቄ እንዲጠቃለሉ ተወሰነ። ስሙ እንደ ሮማ ዘመን ዳግመኛ በመንግሥት መዝገብ የሚጻፍ ማዕርግ ሆነ።

መደምደሚያ

ከላይ ከተዘረዘረው የምንረዳው ላቲን የሚለው ስም በማናቸውም ጊዜ ለአንድ ደምና ለአንድ ዘር ብቻ የተወሰነ ስም ሆኖ አለመገኘቱን ነው። ለሮማ ሕግ ግማሽ ዜጋ፣ ለቁስጥንጥንያ መናፍቅ፣ ለአልፕስ ገበሬ የአባቱ ቋንቋ፣ ለሰሎንቄ አይሁድ የስደት ስንቅ፣ ለሃቫና ነጋዴ የሐሰት ወረቀት፣ ለቺሌው ተናጋሪ የነጻነት ጥሪ ነበር። በአፍ የተጓዘው ስም ብዙውን ጊዜ ሰዎች የሚናገሩትን ነገር ሰየመ፤ በብዕር የተጓዘው ግን ሰዎች ሊሆኑት የሚገባቸውን ለመወሰን ተሞከረበት።

ይህ ለእኛ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። ሙሶሊኒ በግንቦት 9 ቀን 1936 የኢጣሊያን ንጉሠ ነገሥትነት ሲያውጅ የጥንቷ ሮማ መንግሥት በኮረብታዎቿ ላይ ዳግመኛ ተነሣች ብሎ ነበር። ለዚሁ ማረጋገጫ የአክሱም ሐውልት ተወስዶ በ1937 በሮማ ተተከለ። ወደ አገሩ የተመለሰው በ2005፣ በስፍራው የቆመው በ2008 ነው። የአባቶች ስም በብዕር ተነሥቶ የጦር ምክንያት ሲሆን ዋጋውን የሚከፍለው ማን እንደ ሆነ አገራችን በራስዋ አካል አይታዋለች።

ሆኖም ስሙን ፈጽሞ ከንቱ ነው ብለን አንዘጋውም። ሩማንያዊው ገባር ስሙን መልሶ በመያዝ ዜጋ ሆኗል፤ ላዲኖም ከእስፓኝ የተባረሩትን ሰዎች በስደት አንድ አድርጎ አቈይቷል። ስለዚህ የታሪክ ተማሪ «እገሌ ላቲን ነው» የሚል ጽሑፍ ባነበበ ቍጥር ሦስት ጥያቄዎች እንዲያነሣ እናሳስባለን፤ ስሙን የሰጠው ማን ነው? የተሰጠው ከማን ለመለየት ነው? በስሙ ሲጠራ ያልተጠየቀው ማን ነው? ሴንግቤ ፒዬና ጓደኞቹን ነጻ ያወጣቸው የመጨረሻው ጥያቄ በፍርድ ቤት መነሣቱ ነው።